ከጢስ ጉድጓድ እስከ ፋርማሲ መደርደሪያ
የጉርምስና ብጉርና የመድኃኒቱ ታሪክ በገዳሪፍ ምድር

ገዳሪፍ የእህል አገር ናት። ክረምቱ አልፎ መከሩ ሲሰበሰብ የከተማዋ ገበያ በማሽላና በሰሊጥ ጆንያ ይሞላል። የአገሬው ሰው ማሽላውን «ዱራ» ሲለው፣ የእህልን ቅንጣት ደግሞ «ሐብ» ይለዋል። ይኸው ቃል ከአውድማው ወጥቶ በጎረምሳና በኮረዳ ፊት ላይም ያገለግላል። ዓረብኛ በአፍላነት ዕድሜ ፊት ላይ የሚወጣውን ብጉር «ሐብ ኧሽ ሸባብ» ብሎ ይጠራዋልና፣ ትርጉሙም «የወጣትነት ቅንጣት» ማለት ነው። ከጎንደር፣ ከወልቃይትና ከመተማ ወደዚህ አገር የዘለቁ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የዚህን ቅንጣት መታየት የጉርምስና ማስታወቂያ አድርገው ሲያዩት ኖረዋል። ሽማግሌዎች «ትዳር ሲይዝ ይለቀዋል» ብለው ያልፉታል፤ ባለ ፊቱ ግን እንደዚያ በቀላሉ አያልፈውም።

ብጉር ሰው አይገድልም። ታሪኩን ሊነገር የሚገባው የሚያደርገው በሽታው ራሱ ብቻ ሳይሆን፣ እርሱን ለማጥፋት ሲባል በሰው ቆዳ ላይ የተደረገው ነገር ጭምር ነው። ከማርና ከሙጫ ተነሥቶ በጢስ፣ በድኝ፣ በጨረርና በሆርሞን አልፎ ዛሬ በድንበር ከተሞች ሱቆች እስከሚሸጡት ስም የለሽ ቅባቶች ድረስ ያለው መንገድ ብዙ ትምህርት አለበት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቶቹ ሐኪሞች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ የተጻፈውና ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የሕክምና ጥቅልል፣ ለቆዳ ሕመም ከሚያዛቸው መድኃኒቶች መካከል ማርን ደጋግሞ ያነሣል። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የጻፈው ሮማዊው ሴልሱስ ስለ ብጉር ሲናገር፣ እንዲህ ያለውን ነገር ማከም ከቂልነት የሚቆጠር ነው ለማለት ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ሴቶች ስለ መልካቸው እንዳያስቡ መከልከል አይቻልም በማለት መድኃኒቱን ከመስጠት አልተቆጠበም። ያዘዘውም ሙጫና ዓረቦች «ሸብ» የሚሉትን ማዕድን እኩል ደባልቆ፣ ጥቂት ማር ጨምሮ መቀባት ነበር። ከእርሱ በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ የኖረው ማርሴሉስ የመከረው ከዚህ የሚያስገርም ነው። ሕመምተኛው ተወርዋሪ ኮከብ ሲወድቅ እያየ ፊቱን በጨርቅ መጥረግ አለበት፤ ኮከቡ እንደ ወደቀ ብጉሩም ይወድቃል። በባዶ እጁ ከነካው ግን ብጉሩ ወደ እጁ ይዛወራል።

በሕክምና ቋንቋ «አክኔ» የሚለው ስም የተገኘው በስድስተኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከባይዛንታይኑ ሐኪም ከአኤቲዩስ ጽሑፍ ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት «አክሜ» ከሚለው የግሪክ ቃል እንደ መጣ ይናገራሉ። ቃሉ ጫፍን፣ አፍላነትን የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ግሪኩም ዓረቡም ብጉርን የሰየሙት በሚወጣበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

ከጥንቶቹ ሐኪሞች ብዙዎቹ በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ነበሩ። ሰውነት በአራት ፈሳሾች ይመራል፤ ደም ሲበዛ ወይም ሲበላሽ በቆዳ በኩል ይወጣል የሚል ነው። ይህን ትምህርት ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና «ቃኑን» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ አስፍቶ ለዓረቡም ለኤውሮጳውም ዓለም አስተላልፎታል። በሱዳን «ሒጃማ»፣ በኢትዮጵያ «ዋግምት» የሚባለው ደምን በቀንድ ወይም በብርጭቆ ስቦ የማውጣት ሥራ ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ይዛመዳል። «ደሙ ቢፈላ ነው ፊቱ ያወጣው» የሚለው የዛሬ ሰው አነጋገርም የዚያ ጥንታዊ ትምህርት ርዝራዥ ነው።

በአትባራ ዳር

በምሥራቅ ሱዳን የቆዳ እንክብካቤ እንዴት ይካሄድ እንደ ነበር ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር የ1861ን ክረምት በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ሶፊ በተባለች መንደር አሳልፎ፣ በተከታዩ ዓመት በገላባት በኩል አልፏል። በ1867 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የአካባቢው ሴቶች ራሳቸውን የሚያጥኑበትን ሥርዓት በዝርዝር ተርኳል። በጎጆው ወለል ላይ አንድ ጠርሙስ የሚያስገባ ያህል ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይደረግበታል፤ በፍሙ ላይ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ዕጣን፣ ሰንደልና ከርቤ ይነሰነሳል። ሴቲቱ ልብሷን ከአንገቷ እስከ መሬት እንደ ድንኳን ዘርግታ ከጢሱ ላይ ትቀመጣለች።

ይህ ሥርዓት «ዱኻን» በሚል ስም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ዛሬ በብዛት የሚጤሰው «ጠልሕ» የተባለው የግራር ዓይነት እንጨት ነው። በወሎና በትግራይ ቆላማ ቦታዎች የሚታወቀው የወይባ ጢስ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ሊባል ይችላል። ከዱኻን ጋር የሚሄደው «ድልካ» ደግሞ ከዱራ ወይም ከሌላ እህል ዱቄት በሽቶና በቅመም ተለውሶ፣ በጢስ ታጥኖ የሚዘጋጅ ማሻ ነው። በቆዳ ላይ ሲታሽ እድፉንና የሞተውን ቆዳ አንከባሎ ያነሣል። ስለዚህ ገዳሪፍ የእህል አገር ብቻ ሳትሆን እህል የቆዳ መድኃኒት የሆነበትም አገር ናት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዱኻንና ድልካ በወጉ የሙሽራና የባለ ትዳር ሴት ናቸው፤ ያላገባች ልጃገረድ እንድትታጠን አይፈቀድላትም ነበር። ጎረምሳው ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ብጉር የሚበዛበት ዕድሜ ላይ ያለው ወጣት የውበት እንክብካቤው ተካፋይ አልነበረም። ልጅነት በጋብቻ በሚቋረጥበት ዘመን በልጅነትና በአዋቂነት መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነበርና፣ ለብጉር የሚሆን ሐዘንም አጭር ነበር። ትምህርት ቤት ዕድሜውን ሲያስረዝመው፣ መስተዋትና ፎቶግራፍ፣ ኋላም ተንቀሳቃሽ ስልክ ፊትን በየዕለቱ ሲያሳዩት የብጉር ጉዳይ የወጣቱ የራሱ ጉዳይ ሆነ።

በደጋው ኢትዮጵያ የነበረው መድኃኒት በአብዛኛው ከጓሮና ከማጀት የሚወጣ ነው። የእሬት ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ማር፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሎሚ ሁሉም ፊት ላይ ተቀብተዋል። በድንገት የወጣ ሽፍታ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽበታል፤ ሌላው ጸበል ይጠመቃል። ከእነዚህ መካከል ማር ጀርም የመግደል ኃይል እንዳለው በዘመናዊ ምርመራ ታውቋል። ሎሚ ግን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያጠቁር በመሆኑ፣ በገዳሪፍ ፀሐይ ሥር ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ለጠጉር የሚቀባው ለጋ ቅቤም ሌላ ጉዳይ አለው። በቆላ ሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ የላብና የወዝ ማውጫ ቀዳዳዎችን ሊዘጋ ይችላል። በ1970 ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ ሐኪሞች የጠጉር ቅባት በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ የሚያስወጣውን ብጉር ለብቻው ለይተው ጽፈዋል። ከቅቤ የተወለደ ብጉር በሎሚ አይድንም፤ መድኃኒቱ ቅቤውን ከግንባር ማራቅ ነው።

ሳይንስ ምክንያቱን ሲፈልግ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛውያኑ ሮበርት ዊላንና ደቀ መዝሙሩ ቶማስ ቤትማን የቆዳ ሕመሞችን በመልካቸው እየለዩ መደቡ። ብጉርም በዚህ ምደባ የራሱን ቦታ አገኘ። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ የኤውሮጳ ሐኪሞች ብጉርን ከፍትወት ጋር አያይዘው ትዳርን እንደ መድኃኒት ያዝዙ ነበር። «ትዳር ሲይዝ ይለቀዋል» የሚለው የሽማግሌዎች ቃል በባሕር ማዶም የታወቀ ነበር ማለት ነው። ከመድኃኒት በኩል ድኝ ጠቀሜታ ነበረው፤ ሜርኩሪና አርሰኒክ ግን መርዝ ነበሩ።

በ1896 ጀርመናዊው ፓውል ገርሰን ኡና በተዘጋ የብጉር ጫፍ ውስጥ ባክቴሪያ በማጉያ መነጽር አየ። ይህ ጀርም ዛሬ «ኩቲባክቴሪየም አክኔስ» ይባላል። ወዲያው የተከተለው የጨረር ዘመን ነው። ኤክስ ሬይ ከተገኘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሞች የብጉርተኛ ወጣቶችን ፊት በጨረር ማከም ጀመሩ። የወዝ ዕጢዎቹ ስለሚኮማተሩ ፊቱ ይጠራ ነበርና፣ ሥራው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዘለቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ከታከሙት መካከል የእንቅርት ዕጢ ካንሰር የያዛቸው ተገኙ። ጊዜያዊ ጥራት ዘላቂ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ያስተማረ የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ይህ ነው።

የሽማግሌዎቹ ንግግር ውስጥ የነበረችው የእውነት ፍንጭ የተገለጠችው በ1941 ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ብጉር እንደማይወጣባቸው፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን እንደሚወጣባቸው አሳየ። ይህ ሆርሞን በልጃገረዶችም ሰውነት በመጠኑ አለ። በጉርምስና ጊዜ ሲጨምር የወዝ ዕጢዎች ይሰባሉ፤ የጠጉር ቀዳዳ በሞተ ቆዳ ይደፈናል፤ በተዘጋው ወዝ ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል፤ በመጨረሻም ቆዳው ይቆጣል። የደም መበላሸትም ሆነ የንጽሕና ጉድለት ምክንያቱ አይደለም። ከ12 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች ወደ 85 በመቶ የሚሆኑት በመጠኑም ቢሆን እንደሚያገኛቸው በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው አኃዝ ይገልጻል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቴትራሳይክሊንና መሰል አንቲባዮቲኮች በአፍ መሰጠት ጀመሩ። ቀጥሎም ቤንዞይል ፔሮክሳይድ የተባለው ቅባት ተስፋፋ። አንቲባዮቲኩ በገፍ ሲወሰድ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች መታየት ጀመሩ። ለዐይን ሕመም የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ቅባት ለብጉርም፣ ለቁስልም፣ ለማንኛውም ነገር የመቀባት ልማድ የዚህ ችግር ትንሽ ገጽታ ነው።

በምግብ ጉዳይ ላይ የነበረው ክርክርም ብዙ ተጉዟል። በ1969 የወጣ አንድ ጥናት ቸኮላት ብጉርን አያባብስም ብሎ ደመደመ። ነገር ግን ለማወዳደሪያ የተሰጠው ሌላ ጣፋጭ ራሱ በስኳርና በስብ የተሞላ ነበርና፣ ድምዳሜው ተተችቷል። በ2002 ኮርዴይን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ኪታቫ ደሴትና በፓራጓይ ጫካ ከሚኖሩ ከአንድ ሺሕ ሦስት መቶ በላይ ሰዎች መካከል አንድም ብጉርተኛ አለማግኘታቸውን ጻፉ። የዛሬው ግምት ብዙ ስኳርና የነጣ ዱቄት ብጉርን ሊያባብሱ ይችላሉ የሚል ነው።

በእስረኞች ቆዳ ላይ

በብጉር ሕክምና ታሪክ ታላቅ ለውጥ ያመጣው «ትሬቲኖይን» የተባለው የቫይታሚን ኤ ዝርያ ነው። የሠራበት ሐኪም አልበርት ክሊግማን ሲሆን፣ በአሜሪካ ለሽያጭ የተፈቀደው በ1971 ነው። የመድኃኒቱ መልካም ስም ግን ከጥላ የጸዳ አይደለም። ክሊግማን ከ1951 እስከ 1974 በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት በታሰሩ ሰዎች ቆዳ ላይ ብዙ ሙከራ አካሂዷል። እስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ የሚደረግባቸውን ነገር አደጋ በቅጡ አልተረዱም ነበር። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021፣ የፊላደልፊያ ከተማ አስተዳደርም በ2022 ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው ቱቦ ውስጥ የእነዚያ ሰዎች ቆዳ ታሪክ አለ።

ሌላው ዝርያ አይሶትሬቲኖይን በ1982 ሲፈቀድ፣ ጠባሳ የሚያስቀረውን ከባድ ብጉር የሚያድን የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ከወሰደችው በፅንሱ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያስከትላል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ክትትል የሚሸጥም ሆነ ከጓደኛ የሚቀበሉት መድኃኒት አይደለም።

ማቅያው ቅባት

በጥቁር ቆዳ ላይ የብጉር ትልቁ ጣጣ ብጉሩ ራሱ ሳይሆን ሲጠፋ የሚተወው ጥቁር ምልክት ነው። ይህ ምልክት በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ቢሆንም፣ ወጣቱ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣል። የማቅያ ቅባት ነጋዴ የሚያገኘውም በዚህ ሰዓት ነው። ክሬሞችን ደባልቆ የሚሠራው «ኸልጣ» ምን እንደያዘ የማይጻፍበት በመሆኑ ገዢው የሚቀባውን አያውቅም።

በእንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል። በ2013 የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የመዋቢያ ቅባቶች ከገበያ ለማስወጣት ከተደረጉት ጥረቶች ዋናው ነው። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ሲሆን፣ ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን መልሶ በማይለቅ ጥቁረት ያበላሻል። ደቡብ አፍሪካ ይህን ጉዳት አይታ በ1990 በመዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች። ሦስተኛው ከ1952 ወዲህ ለቆዳ ቁጣ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ወገን ነው። እነዚህ ቅባቶች በሐኪም እጅ ታላቅ ጥቅም አላቸው። ለብጉር ሲቀቡ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱን አለስልሰውና አቅልተው ያስደስታሉ፤ ቆይተው ቆዳውን ያሳሳሉ፤ ራሳቸው አዲስ ብጉር ያስወጣሉ። ሲተዋቸው ደግሞ ፊቱ እንደ እሳት ይቀላል። ወጣቷ ደንግጣ ተመልሳ ትቀባለች፤ ነጋዴውም ደንበኛ አገኘ ማለት ነው። የኤክስ ሬይ ዘመን ትምህርት በሌላ መልክ የተደገመው እንዲህ ነው።

የሚያሳዝነው ትክክለኛው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ፊትን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና ያለ ፍተጋ መታጠብ፣ ብጉርን አለማፍረጥ፣ ቅባት የበዛበትን ነገር ከፊት ማራቅ፣ ቤንዞይል ፔሮክሳይድ ወይም የቫይታሚን ኤ ዝርያ ቅባት በሐኪም ወይም በፋርማሲ ባለሙያ ምክር መጠቀም ለአብዛኛው ወጣት ይበቃል። አስቸጋሪው ነገር ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚፈልግ መሆኑ ነው። ድልካም ቢሆን በተቆጣ ብጉር ላይ ሲታሽ ቁጣውን ያብሳልና፣ ለጤናማ ቆዳ መተው ይሻላል።

ብጉር ያልሆነ ብጉር

በገዳሪፍና በመተማ በኩል የፊት ላይ ሽፍታ ሁሉ የጉርምስና ብጉር ነው ብሎ ማለፍ አደጋ አለው። ይህ ምድር የካላዛር አገር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው የተሰነጣጠቀውን ጥቁር የመረሬ አፈርና የጠልሕና የሂጅሊጅ ዛፎችን ጫካ ነው። ለዱኻን የሚጤሰው ያው ጠልሕ በሚበቅልበት ቦታ በሽታውም አለ። በሑመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች ለአጨዳ የሚወርዱ የደጋ ወጣቶች በየዓመቱ ለዚህ አደጋ ይጋለጣሉ።

ካላዛር ስፕሊንን የሚያሳብጥ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። በሱዳን ከታከሙት ሕሙማን መካከል ወደ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ከፈውሱ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ፣ አዲስ ሽፍታ ይወጣል። የሚጀምረው ከአፍ ዙሪያና ከጉንጭ ነው፤ ትንንሽ እብጠቶች ሆነው ወደ ደረትና ክንድ ሊወርዱ ይችላሉ። ይህ ከካላዛር በኋላ የሚመጣ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ነው። አብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ የከበደው ግን ሕክምና ይሻል። ከዚህም በላይ ተባዩ በቆዳው ውስጥ ስለሚኖር የአሸዋ ዝንብ ከዚህ ሰው ወስዳ ለጎረቤት ልታስተላልፍ ትችላለች። በጎረምሳ ፊት ላይ ሲወጣ ከብጉር ጋር መመሳሰሉ የማይቀር ነው። በሌላ በኩል የሥጋ ደዌም ፊት ላይ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። በአዲስ አበባ በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተሠርቶ የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ዋና ማዕከል ለመሆን የበቃው ቆዳ ብዙ ነገር የሚናገር በመሆኑ ነው።

ካላዛርን በመመርመርና በማከም በሱዳን በኩል በዶካ የሚገኘው የፕሮፌሰር ኤል ሐሰን የትሮፒካል ሕክምና ማዕከል፣ በኢትዮጵያ በኩል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል በስም ይታወቃሉ። ድንበሩ ሰውን ቢለይም ዝንቧን አይለይም። በ2020 መጨረሻ በኡም ራኩባ፣ በ2021 መጀመሪያ በቱናይድባ የስደተኛ መጠለያዎች የሠፈሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ከጦርነት ሸሽተው ወደ ገዳሪፍ የገቡ ሱዳናውያን፣ ሁሉም በዚሁ መረሬ መሬት ላይ ተጠልለዋል። ከነሱ መካከል ብዙዎቹ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገር ቤት ተረት። በዚህ አካባቢ የሚሠራ ሠለጠነ የጤና ባለሙያ አንድ ወጣት ፊቱን ይዞ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ከዚህ በፊት ካላዛር ታክመሃል ወይ?» የሚል። ሴልሱስ አልጠየቀውም፤ የኤክስ ሬይ ሐኪሞችም አላሰቡትም። ከመደርደሪያ ላይ የሚወርደው ስም የለሽ ቅባት ግን ምንም ነገር አይጠይቅም። ያን ወጣት ከጉዳት የሚያድነው ያቺ አንዲት ጥያቄ ልትሆን ትችላለች።